የትሉ ውሃ

የሰደበው ታላቅ ወንድሙ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከአራት ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ወንድሙ አዲስ አፓርታማ ገዝቶ የገባ ዕለት። ሰዓቱን እንዲህ ለይቶ የያዘው፣ ሲሰደብ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ሰዓት ላይ ተክሎት ስለነበር ነው። ቤቱ ውስጥ ሃያ ስድስት እንግዳ ነበር። ይህም ግምት አይደለም፤ ወንበሮቹን ከየጎረቤቱ እየለመነ አራት ፎቅ በትከሻው ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ሃያ ስድስት ወንበር አምጥቶ ለራሱ ሃያ ሰባተኛ ማምጣት ረስቶ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ወንድሙ የትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። ያን ቀን ለተማሪ ሰልፍ የሚያወጣውን ድምፁን አውጥቶ፣ «እዚያ የቆመው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቆሞ ስታዩት እንዳትንቁት፤ ተመራማሪ ነው። ምርምሩ የበግ ፈርስ ውስጥ ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሲስቅ ትን ብሎት ጀርባውን እስኪደልቁት ደረሰ። የወንድሙ ልጅ እንኳ፣ ያኔ የአስራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ፣ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እሱም ሳቀ። እስከ ዛሬ አንጀቱን የሚያሳርረው ይሄ ነው፤ ከስድቡ ይልቅ አብሮ መሳቁ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደህና ነበር። ምግብ ሲቀርብ የወንድሙ ሚስት ሳሙና ይዛ ወደሱ መጣች። ወረቀቱ ያልተቀደደ አዲስ ሳሙና። «ክፉ አትበለኝ፣ ለሁሉም ነው» አለችው፤ ለሌላ ለማንም ግን አልሰጠችም። እንግዳው ተበትኖ ወንበሮቹን ሊመልስ ሲወጣና ሲወርድ፣ ኩሽናው በር ጋ ባለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የጠጣበትን ብርጭቆ አየው። አልተሰበረም። ጫፉም አልተሸረፈም። አፉ ዙሪያ ሰማያዊ መስመር ያለበት ደህና ብርጭቆ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ተጋድሟል። ሃያ ስድስተኛውን ወንበር አድርሶ በዚያው ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ የዚያን ቤት ደረጃ አልረገጠም። በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራ። ያን ቀን ሊለው ይገባ የነበረውን፣ አፉ ላይ ያልደረሰለትን መልስ። በአውቶቡስ፣ በሥራ ቦታ፣ አልጋው ላይ፣ ቃል እየቀነሰ ቃል እየለወጠ ሲስለው ከርሞ በስተመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «እኔ ትል የምለቅመው ከበግ ሆድ ነው፤ አንተ ግን ትሉን በሆድህ ይዘህ ነው ሰው ፊት የምትቆመው።» አጭር ነው። ይቆርጣል። የቀረው ነገር ወንድሙን ፊት ለፊት ማግኘት ብቻ ነበር።

ይኸው ወንድሙ ትናንት ደወለለት። ድሮ ሲደውል «ስማ» ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ ትናንት ግን «ወንድሜ» አለ። ቀጥሎ ስለ ልጅቱ ተናገረ። መታመሟን በዘመድ በኩል ሰምቷል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። የአንጀት ብግነት ነው አሏት፣ የራሷ ሰውነት በራሷ አንጀት ላይ ተቆጥቶ ያቆስለዋል። የአርባ አንድ ኪሎ ሰው ሆናለች አለ ወንድሙ። «አንተ ያለህበት ቤት የሚሠራውን ነገር አነበብኩ። ከትል የሚወጣ፣ ብግነት የሚያበርድ ነገር አለ አሉ። ነገ ከሥራ ስትወጣ ብቅ በል፣ ባዶ እጅህን አትምጣ» ብሎ ሳቅ ለማለት ሞከረ። ሳቁ አልወጣለትም። እሱም «እስቲ» ብሎ ዘጋ። ደስ ብሎት እንደሆነ ራሱም አላወቀም።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቄራ ገባ። ቄራ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ለቃሚው ነው የሚሉት። ሲሚንቶ ወለሉ ገና ውሃ ተደፍቶበት ይንሸራተታል፣ መንጠቆዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፣ ከቱቦ የሚወርደው የሞቀ ውሃ እንፋሎት ፊትን ያጥባል። ቦቲውን አጥልቆ፣ የላስቲክ ሽርጡን አስሮ፣ ጥግ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ሆድ እቃውን የሚከፍተው ሠራተኛ፣ ሆድ ቀዳጁ የሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨጓራዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈለት።

«ለቃሚው! ዛሬ ጭነት ነው ያመጣሁልህ። ከእነዚህ አንዷን አግባና ተገላገል እንጂ፣ ስንት ዓመት በወንደላጤነት?»

«እነሱም እኮ ሲመርጡ ነው የቆዩት» አለ ለቃሚው ቀና ሳይል። «ያንተን ፊት ሲያዩ ወደ እኔ መጡ።»

ሆድ ቀዳጁ በሳቅ ፈነዳ። እሱ አልሳቀም፤ ሥራ ላይ ሲሆን አይስቅም። ከበግ አራት ጨጓራ የሚፈልገው የመጨረሻውን ነው። በመቀስ በቀስታ ይሰነጥቀውና ግድግዳው ላይ የተጣበቁትን ያያቸዋል፤ ቀይና ነጭ ክር የተገመደ የሚመስሉ፣ ከጣት አንጓ የማይበልጡ ቀጫጭን ትሎች። ገና ሥራ የጀመረ ጊዜ መቆንጠጫ ሰጥተውት ነበር። መቆንጠጫው ትሉን ያቆስለዋል። የቆሰለ ትል ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይለቅና ውሃውን ያበላሻል። ይህን ያወቀው እሱ ነው፤ ዲግሪ የሌለው፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመው እሱ። መቆንጠጫውን ጥሎ ልጆች ሥዕል የሚቀቡበትን የውሃ ቀለም ብሩሽ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በራሱ ገንዘብ ገዛ፤ ያኔ አስራ አምስት ነበር ዋጋው፣ አሁን አርባ ገብቷል። በብሩሹ ጫፍ እየጠራረገ ያነሳቸዋል፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ሦስት ጊዜ ያጥባቸዋል፣ ከዚያ በፔርሙዝ። ሁለት ፔርሙዝ አለው፤ ቀዩ የትል፣ አረንጓዴው የሻይ። የውሃውን ሙቀት በመለኪያ አይለካም። የእጁ አንጓ ላይ አንድ ጠብታ ያንጠባጥባል፣ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ካልተሰማው ልክ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ፔርሙዝ ትል ሞቶበት አያውቅም።

ሦስት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው ደረሰ። የምርምር ቤቱ ኮሪደር ረጅም ነው፣ ወለሉ አረንጓዴ ፕላስቲክ የተነጠፈበት፣ ቀን በቀን አልኮል አልኮል የሚሸት። ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ አንድ ሰፊ ወረቀት ተሰቅሏል። ባለፈው ዓመት ባሕር ማዶ ወስደው ያሳዩት ነው አሉ፤ የአይጥ ሥዕል፣ የትል ሥዕል፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጣና የሚወርድ መስመር። ከታች የአስራ አንድ ሰው ስም አለ። የሂሳብ ሠራተኛዋ አለችበት። ሾፌሩ አለበት። መጨረሻ ላይ በቀጭን ፊደል «እንዲሁም ናሙና ሰብሳቢውን እናመሰግናለን» ይላል። ናሙና ሰብሳቢው በየቀኑ በዚያ ወረቀት ፊት ያልፋል። አይቆምም፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያየው አልፎ አያውቅም።

የሚሠሩትን ነገር ዶክተሯ አንድ ጊዜ አስረድታዋለች። ጥገኛ ትል፣ አለች፣ ሳይጠራ የገባ እንግዳ ነው። ባለቤቱ እንዳያባርረው አንድ ነገር ይተፋል፤ ፕሮቲን ነው፣ የባለቤቱን ቁጣ ቀስ አድርጎ የሚያበርድ። የእኛ ሰውነት ያለ ምክንያት ሲቆጣ፣ ያለ ጠላት ሲዋጋ፣ ያንን የትሉን ማብረጃ ተውሰን ልንሰጠው ይቻል ይሆን ወይ ነው ጥያቄው። ስለዚህ ትሎቹ በሞቀ ሳጥን ውስጥ፣ በጨው ውሃ ያድራሉ፣ የተፉትም በውሃው ውስጥ ይቀራል። የሚፈለገው ትሉ አይደለም፣ ውሃው ነው። ለቃሚው ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እሱም ብዙ ቤት ሳይጠራ ገብቷል። የሚያበርድ ነገር መትፋት ግን አልተማረም።

ዛሬ ዶክተሯ ፊቷን አጥቁራ ነበር የጠበቀችው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳጥኑ ቀዝቅዟል። በትናንቶቹ ሰሃኖች ውስጥ ትሎቹ ተጠቅልለው ሞተዋል፣ ውሃው ደፍርሶ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። «ሙሉው ይደፋልኝ፣ ጋሼ» አለችው። ጋሼ ትለዋለች፣ አንቱም ትለዋለች፤ ስሙን ግን አታውቅም። ሰሃኖቹን ተሸክሞ ማጠቢያው ጋ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ደፋ። አራተኛው ላይ እጁ ቆመ። መደርደሪያው ላይ ባለ ጎማ ክዳን ትናንሽ ጠርሙሶች አሉ። አንዷን አወረደና አራተኛውን ሰሃን በእርጋታ ገለበጠባት፣ ከደናት፣ በጋዋኑ አብሶ ከሸሚዙ በላይ በለበሰው ጃኬት የውስጥ ኪስ ከተታት። ሌብነት አይደለም፣ አለ ለራሱ። የሚደፋ ነገር ነው። ዓይኑ ላይ የመጣበት ልጅቷም በሽታዋም አልነበረም፤ የወንድሙ ፊት ነበር። ያ ሰልፍ ፊት የሚቆም ፊት ሲለምን ምን እንደሚመስል።

ቢሆንም ልቡ አልቆረጠም። ሰሃኖቹን አጥቦ ሲመለስ ዶክተሯ አጠገብ ቆመ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁኝ።» ዓይኗ ማይክሮስኮፑ ላይ ነው።

«ይሄን የትሉን ውሃ አንጀቱን የሚያመው ሰው ቢጠጣውስ?»

«ማን ነው የሚጠጣው?»

«ማንም። እንዲያው ለማወቅ ያህል።»

ቀና አለች። መነጽሯን አወለቀች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም። መድኃኒት ሊሆን ይችል ይሆን ብለን የምንጠይቀው ነገር ነው። ውሃው ውስጥ ካለው መቶ ምናምን ፕሮቲን እኛ የምንፈልገው አንዱን ነው፤ እሱንም ነጥለን፣ አጣርተን፣ ለአይጥ በመርፌ ነው የሰጠነው። ከሃያ አራት አይጥ ለአስራ አራቱ ብግነቱ ቀነሰ። አስሩ ምንም አልተሻላቸውም። ወደ ሰው ለመድረስ አስር ዓመት ይፈጅ ይሆናል፣ ጨርሶም ላይደርስ ይችላል።»

«ውሃው እንዳለስ?»

«እንዳለማ የበግ ሆድ ጀርም ነው። ጤነኛ ሰው ቢጠጣው ተቅማጥ ነው። ለቆሰለ አንጀት መርዝ ነው። የሞተ ትል ያለበት ከሆነ ደግሞ አያድርስ ነው።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ሰው ጠየቀዎት እንዴ?»

«የለም» አለ።

ያኔ ሄዶ መድፋት ነበረበት። ማጠቢያው አስር እርምጃ አይሆንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋዋኑን ሰቅሎ፣ እጁን እስከ ክንዱ ሁለት ጊዜ በሳሙና አንድ ጊዜ በአልኮል ታጥቦ፣ ሁለቱን ፔርሙዞች በከረጢት አንጠልጥሎ ሲወጣ ጠርሙሷ ደረቱ ላይ ነበረች። የምትሰጥ ነገር አልነበረችም፤ ይህን ያውቃል። ግን ባዶ ኪሱን ሄዶ «የለኝም» ማለትና፣ ይዞ ሄዶ «አልሰጥም» ማለት አንድ አይደለም። ሰው የሚለመነው ያለውን ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ጭንቅንቅ ብሎ ነበር። ታሪፉ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በሁለት ጨምሯል፣ ሰዉ ሁሉ ትኬት ቆራጩን ይነዘንዛል። አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ከረጢቱን አየች፣ አየር ሳበች፣ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሰብስባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱ እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ ያውቀዋል። እጁ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ካለው እጅ ሁሉ የጸዳ ነው፤ ግን እጅን እንጂ ስምን ማጠብ አይቻልም። መውረጃው ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡ ጋሪዎች አሉ። ብርቱካን ኪሎው መቶ ሃያ፣ ሙዝ ሰባ። ለታመመ ሰው ባዶ እጅ አይገባም ብሎ አንድ ኪሎ ብርቱካን አስመዘነ፣ ወዲያው ያ ልጣጭ ትዝ አለውና በሙዝ አስቀየረው። ሻጩ «ምነው ጌታው፣ ብርቱካኑ ምን አደረገህ?» አለው። ከፍሎ መንገዱን ቀጠለ።

አራት ፎቅ ወጣ። ደረጃውን ያውቀዋል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዱ መወጣጫ ጠርዙ ተሸርፏል፣ ወንበር ይዞ አደናቅፎት ነበር። የወንድሙ ሚስት በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ከፈተችው።

«ወንድምዬ! እንዲህ ይጠፋል? እኛ እኮ ቀየመን ወይ እያልን!»

ሁለቱንም ጉንጩን ሳመችው። እጁን ሊታጠብ ወደ ማጠቢያው ሲዞር ክንዱን ይዛ፣ «ኧረ ተው፣ ቤትህ አይደል እንዴ? ምን መታጠብ ያስፈልጋል» አለችው። ሳሎኑ እንደዚያው ነው። ያ ሰዓት አስር ከሩብ ይላል። ሶፋው ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ወረቀት፣ የሾርባ ሳህን፣ የልጅቱ የሚመስል የጥርስ ምልክት ያለበት እርሳስ። የብርጭቆዎቹ ትሪ መጣ። አፋቸው ዙሪያ ሰማያዊ መስመር አላቸው። ቆጠራቸው፤ አምስት ናቸው። በአንዱ ጭማቂ ቀዳችለት። ብርጭቆውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ አልጠጣም።

ወንድሙ ከመኝታ ቤት ወጣ። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ሦስት ዓመት እንዲህ ያነጣል ብሎ አልጠበቀም። ሹራቡን ገልብጦ ነው የለበሰው፣ ስፌቱ በውጭ ነው፣ ያ ልብሱን በመስታወት አይቶ የሚወጣ ሰውዬ። ስለ ጤና ተጠያየቁ። ስለ አውቶቡስ ታሪፍ አወሩ። ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ አሳንሰሩ አለመሠራት አወሩ። ከዚያ የሚወራ አለቀ። በመጨረሻ ወንድሙ ከጠረጴዛው መሳቢያ የወረቀት ክምር አወጣ። ከኢንተርኔት ያስገለበጠው ነው። እንደ ተማሪ ፈተና በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል፣ ጠርዙ ላይ ትክክል የሚል ምልክት አድርጓል፣ አንድ ቦታ ላይ «እጅግ ጠቃሚ» ብሎ ጽፏል። መነጽሩን አድርጎ ጥገኛ ትል ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚተፋ፣ ያ የሚተፋው ነገር ብግነትን እንዴት እንደሚያበርድ ለለቃሚው ያስረዳው ጀመር። ትሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ አለ። ቀይና ነጭ ነው፣ አለ። ለቃሚው ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ ይዞ አዳመጠው።

«እና እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም» አለ ወንድሙ ወረቀቱን እያስተካከለ። «ቅድመ ዝግጅት አድርጌያለሁ። ኪኒኗን ካስቆምኳት ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው።»

«ምኑን?»

«ሐኪም ያዘዘላትን ነዋ። ያ ሁሉ ኪኒን ሆዷ ውስጥ እያለ ያንተን ነገር ብንሰጣት ይገድለዋል እኮ። አዲስ ነገር ከመግባቱ በፊት ሆዷ ነጻ መሆን አለበት። አስቤበት ነው።»

ለቃሚው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በዚህ መሀል ልጅቱ ግድግዳ ይዛ ወጣች። ሃያ ዓመቷ ነው። ቢጃማዋ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም፣ የእጇ አንጓ አጥንት ወጥቶ ቆዳው ላይ ነጭ ሆኗል። «አጎቴ መጣህ?» ብላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፣ እናትየው ልትደግፋት ስትነሳ በዓይኗ መለሰቻት። ለቃሚው ሳያስበው እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፣ ጠርሙሷ ባለችበት በኩል ጃኬቱን ነካ። የወንድሙ ሚስት አየችው።

«ይዞታል!» አለች። «ኪሱ ውስጥ ነው፣ አየሁት። ወይኔ ወንድምዬ፣ እግዜር ይስጥህ!»

ወንድሙ ከመቀመጫው ተነሳ። መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እጁን ይዞ በሁለት እጁ መሀል አደረገው። ያንን እጅ። አየው፣ ጨበጠው። «በድዬሃለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አውቃለሁ በድዬሃለሁ። ብትፈልግ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ።» ለቃሚው ሦስት ዓመት ከአራት ወር የጠበቀው ይሄ ነበር። የወንድሙ ፊትም እንዳሰበው ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ አቅርሯል። አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ደስ አላለውም። የእሱ ዓይን የተያዘ እጁን አልፎ ልጅቱ ላይ ነበር፣ በአንጓዋ ላይ። የውሃ ጠብታ የሚያንጠባጥብበት ቦታ።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለ ለቃሚው። «ይሄ መድኃኒት አይደለም። ለአይጥ ነው የሰጡት፣ ያውም አጣርተው። እንዲህ እንዳለ ለቆሰለ አንጀት መርዝ ነው ብላለች ዶክተሯ። ኪኒኗን መልሱላት። ዛሬውኑ መልሱላት፣ ነገ ሐኪሟ ጋ ውሰዷት፣ ዘጠኝ ቀን ማቆሟንም ንገሩት።»

ወንድሙ እጁን ለቀቀው። «መርዝ ነው?»

«መርዝ ነው።»

«መድኃኒት ካልሆነ ለምን ይዘኸው መጣህ?»

ለዚህ መልስ ነበረው። እውነተኛ መልስ፤ ግን አፍ አውጥቶ የሚናገሩት አልነበረም። የወንድሙ ሚስት እጇን ከደረቷ አወረደች፣ ፊቷም አብሮ ወረደ።

«ለአይጦቹስ ሠርቷል?» አለች ልጅቱ።

«ከሃያ አራቱ ለአስራ አራቱ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ምንም አልተሻላቸውም። እኔ የማውቀው የሰማሁትን ነው።»

ልጅቱ ትንሽ ፈገግ አለች። «እኔ ደግሞ ዕድሌን ስለማውቀው ከአስሮቹ ነው የምሆነው» አለች። ለቃሚው ተነስቶ ኩሽና ገባ። ጠርሙሷን ከደረቱ አወጣ፤ ቀዝቅዛለች፣ ውሃው ይበልጥ ደፍርሷል፣ ሥሯ ላይ የሞተ ትል ክር መስሎ ተኝቷል፤ ጠዋት አላየውም ነበር። ጎማውን ነቅሎ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። ሽታው ኩሽናውን ሞላው፣ ሳሎን ድረስ ሄደ። ቧንቧውን ከፍቶ ለቀቀበት። ሳሙናው ቧንቧው አጠገብ ነበር። ማጠቢያውን አጠበ፣ ጠርሙሷን አጠበ፣ ከዚያ እጁን ሳይቸኩል ታጠበ። ሲመለስ ልጅቱ ከመሳቢያው የኪኒኖቿን ሣጥን አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሁለት ነጭና አንድ ቢጫ መዳፏ ላይ ናቸው። ጭማቂው ያልተነካውን ብርጭቆ፣ የእሱን ብርጭቆ፣ ወደ ራሷ ስባዋለች።

ወንድሙ ቆሞ ነበር። ድምፁ ተመልሶለታል፤ ያ የሰልፍ ድምፅ። «አስቀምጪው» አላት መጀመሪያ። ቀጥሎ ወደ ለቃሚው ዞረ። «ይዘኸው መጥተህ፣ ዓይኗ እያየ ደፋኸው። አስለምነኸኝ፣ በድዬሃለሁ አስብለኸኝ ደፋኸው! መርዝ ነው፣ መድኃኒት አይደለም ትለኛለህ፤ ማን ያምንሃል? ቂምህን ነው የደፋኸው፣ በልጄ ሆድ ነው የተወጣኸው። ድሮስ ከፈርስ ውስጥ የሚለቅም ሰው ምን ይዞ ይመጣል? እስቲ ሐሰት ነው በል! እስቲ ቂም የለብኝም በል!»

ሰዓቱ አስራ አንድ ከአምስት ይላል። ለቃሚው አፉን ከፈተ። ዓረፍተ ነገሩ መጣ፤ ተስሎ፣ ተወልውሎ፣ አንድ ቃል ሳይጎድልበት እስከ ጥርሱ ድረስ መጣ። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ አይገኝም፣ ወንድሙ ፊት ለፊት ቆሟል። ልጅቱ ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ እንደያዘች አንዴ አባቷን አንዴ እሱን ታያለች። አልዋጠችም፣ ወደ ሣጥኑም አልመለሰችም። አፉን ትጠብቃለች። የሚናገረው ሰው ዶክተሯ ያለችውን የሚናገር ይሁን ወይስ የቆየ ቂሙን፣ ከአፉ በሚወጣው ነገር ልትለይ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ከተናገረው አባቷ ልክ ነው። ያኔ መርዝ ነው ያለውም ስድብ ይሆናል፣ ኪኒኑም ወደ ሣጥኑ ይመለሳል።

አፉን ዘጋ። ሁለቱን ፔርሙዞች ከወለሉ አነሳ፣ ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የወንድሙ ሚስት በሩን አልከፈተችለትም፣ ራሱ ከፈተው። «ሂድ! ሂድ እንጂ፣ መልስ የለህም!» ይላል ወንድሙ ከኋላው። «አንድ ቃል የለህም!» ለቃሚው የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደ፣ ሁለተኛውን ወረደ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ከላይ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው። አልዞረም። ያቺን የተሸረፈች መወጣጫ ላለመርገጥ እየተጠነቀቀ ወደ ታች ወረደ።